የእንጨት መዶሻ አመራረጥ፣ አሠራርና አጠቃቀም
(ለሠፈራና ለመልሶ ማቋቋም ጣቢያ ኃላፊዎች እንዲሁም ለእርዳታ ሠራተኞች የቀረበ ትምህርት)

በድርቅ ምክንያት ከቀዬው ተፈናቅሎ በአዲስ ቦታ የሚሠፍር ገበሬ ከምግብ እርዳታው ቀጥሎ ምን እንደሚያስፈልገው ለዚህ ጽሑፍ አንባቢዎች አዲስ ነገር አይደለም። ጎጆ፣ ለጎጆው በር፣ ለበሬዎቹ ቀንበር፣ ለማረሻው ሞፈር፣ እርፍና ድግር፣ ለባለቤቱ ሙቀጫና ዘነዘና ያሻዋል። እነዚህ ሁሉ የእንጨት ሥራ ውጤቶች ናቸው። ሠፋሪው ዝናብ ከመጣሉ በፊት ቀንበርና ሞፈር ካላገኘ የእርሻው ወቅት ያልፈዋል፤ ለዘር የተሰጠው እህልም ለምግብ ይውላል፤ በሚቀጥለው ዓመት እንደገና የእርዳታ ተቀባይ ሆኖ ይመዘገባል። ስለዚህ የአናጢነት መሣሪያ ጉዳይ እንደ ተራ የዕቃ ግምጃ ቤት ጉዳይ ሊታይ የሚገባው አይደለም።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ወለጋ፣ ወደ ኢሉባቦር፣ ወደ ከፋ፣ ወደ ጋምቤላና በጎጃም ወደ መተከል ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሕዝብ በችኮላ በተጓጓዘበት ጊዜም ሆነ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየክልሉ ውስጥ በተካሄደው ሠፈራ የእጅ መሣሪያ ማደል የሥራው አንድ ክፍል እንደነበረ ይታወቃል። ይህ ጸሐፊ ያያቸው የመሣሪያ ዝርዝሮች መጥረቢያ፣ ዶማ፣ አካፋ፣ መጋዝ፣ የብረት መዶሻና ምስማር አይጎድላቸውም። አልፎ አልፎ መሮም ይገባባቸዋል። ከመሮው ጋር አብሮ መኖር ያለበት የእንጨት መዶሻ ግን ብዙውን ጊዜ ይቀራል። የቀይ መስቀልና የቀይ ጨረቃ ማኅበራት ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ለአስቸኳይ መጠለያ የሚያድለው የመሣሪያ ጥቅል እንኳ መጋዝ፣ ባለጥፍር መዶሻ፣ ምስማር፣ አካፋ፣ ዶማና ገመድ የያዘ ሲሆን መሮም የእንጨት መዶሻም የለበትም። ለአስቸኳይ መጠለያ ይህ ትክክለኛ ምርጫ ነው፤ ሸራ ለመወጠርና ማገር ለመምታት መሮ አያስፈልግምና። ሕዝቡ ለመኖር ከሠፈረና በር መግጠም፣ ቀንበር መፈልፈል ከጀመረ በኋላ ግን ያው ጥቅል አይበቃም።

ጽሑፉ የሚያሳስበው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው መሮ በተላከበት ሁሉ የእንጨት መዶሻ መኖር እንዳለበት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ይህ መሣሪያ ከገበያ ተገዝቶ ከሩቅ የሚጫን ሳይሆን እዚያው በጣቢያው፣ በሠፋሪው እጅ፣ ከአካባቢው እንጨት ሊሠራ የሚገባው መሆኑ ነው።

የብረት መዶሻ መሮን የሚያበላሸው እንዴት ነው?

የብረት መዶሻ ፊቱ ጠባብ፣ አካሉም ጠንካራ ነው። ከእንጨት የተሠራ የመሮ እጀታ ሲመታበት ብረቱ ፈጽሞ አይለዝብም፤ የምቱ ኃይል ሁሉ እጅግ ባጠረ ቅጽበት በአንዲት ትንሽ ቦታ ላይ ያርፋል። የእጀታው ጫፍ በመጀመሪያ ይፈረፈራል፤ ቀጥሎ እንደ እንጉዳይ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ በመጨረሻም እስከ ብረቱ ድረስ ይሰነጠቃል። የእንጨት መዶሻ ግን ራሱ በጥቂቱ ስለሚረግብ ምቱን ለአፍታ ያራዝመዋል። የኃይሉ ብዛት ሳይቀንስ ጫናው ይለዝባል፤ ሰፊው ፊቱም ጫናውን በእጀታው ጫፍ ሙሉ ላይ ያዳርሰዋል።

ከዚህ ያላነሰ ሌላ ጥቅም አለው። በጠባብ ፊት የብረት መዶሻ የሚመታ ሰው እንዳይስት ዓይኑን ከእጀታው ጫፍ ላይ መንቀል አይችልም። ፊቱ ስድስትና ሰባት ሳንቲ ሜትር ስፋት ባለው የእንጨት መዶሻ የሚመታ ሰው ግን ዓይኑን ሊያሳርፍ ወደሚገባው ቦታ፣ ማለትም ወደ መሮው ስለትና ወደ ተሰመረው መስመር ማሳረፍ ይችላል። አዲስ ሠልጣኝ የሚፈለፍለው ቀዳዳ ጠማማ የሚሆነው ብዙውን ጊዜ እጁ ስላልሠለጠነ ብቻ ሳይሆን ዓይኑ መሮው ስለት ላይ ስላልነበረ ነው።

እጀታው የተሰነጠቀበት ሠራተኛ ምን ያደርጋል? እጀታውን አውልቆ የብረቱን ጭራ በቀጥታ በብረት መዶሻ ይመታል። ይህ አደገኛ ነው። የተመታው ብረት ጫፉ እየተዘረጋ ጠርዙ ይሰነጠቅና ስባሪው እንደ ጥይት ይፈናጠራል፤ ዓይን ያጠፋል። የዓይን ሐኪም በቀናት መንገድ ርቀት ላይ በሚገኝበት ጣቢያ ይህ ምን ማለት እንደሆነ የጤና ባልደረቦቻችን ያውቁታል። ተዘርግቶ የተከፈከፈ ጫፍ ያለው የብረት መሣሪያ፣ መሮም ይሁን ሽብልቅ፣ ጠርዙ በሞረድ ወይም በድንጋይ ሳይስተካከል ለሥራ እንዳይወጣ የግምጃ ቤት ሹሙ ሊከለክል ይገባል።

«መሮ በብረት አይመታም» የሚለው ግን ያለ ልዩነት የሚሠራ ሕግ እንዳልሆነ መታወቅ አለበት። የጃፓን አናጢዎች መሮአቸውን የሚመቱት በብረት መዶሻ ነው፤ ነገር ግን የእጀታው ጫፍ በብረት ቀለበት የታሰረ በመሆኑ አይሰነጠቅም። እጀታቸው ከጠንካራ ፕላስቲክ የሆኑ አንዳንድ የፋብሪካ መሮዎችም የብረት ምትን ይችላሉ። ስለዚህ የመሣሪያ ግዢ የሚፈጽም ባልደረባ መሮው ምን ዓይነት እጀታ እንዳለው አስቀድሞ መጠየቅ አለበት። እጀታው ቀለበት የሌለው እንጨት ከሆነ የእንጨት መዶሻ ግዴታ ነው።

ሦስት ዓይነት መዶሻ

ለጣቢያ ሥራ የሚጠቅሙት ዓይነቶች ሦስት ሲሆኑ እኩል ቦታ አይሰጣቸውም።

የመጀመሪያው ከአንድ ጉማጅ የሚጠረብ ድቡልቡል መዶሻ ነው። ከ30 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ርዝመትና ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ቅርንጫፍ ይወሰድና ግማሹ እንዳለ ይተዋል፤ የቀረው ግማሽ በመጥረቢያ ተጠርቦ በእጅ መዳፍ እስኪጨበጥ ይቀጥናል። ዛቢያና ራሱ አንድ አካል በመሆናቸው አይላቀቅም። የለመደ ጠራቢ በአጭር ጊዜ ይጨርሰዋል፤ መሣሪያው ገና ጣቢያው በተከፈተበት ቀን ሊኖር ይችላል። ጉድለቱ የሚመታበት በእንጨቱ ጎን በመሆኑ ቶሎ መቦርቦሩ ነው። ሲቦረቦር ግን ለምድጃ ይውላል፤ ሌላ ይጠረባል። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ለአዲስ ጣቢያ ከዚህ የተሻለ የለም።

ሁለተኛው ለብቻው የተሠራ ራስና ዛቢያ ያለው ባለአራት ማዕዘን መዶሻ ነው። የበርና የመስኮት ሥራ በብዛት በሚሠራበት ዎርክሾፕ ዋናው መሣሪያ ይህ ሲሆን አሠራሩ ከታች በሰፊው ተገልጿል።

ሦስተኛው የጎማ መዶሻ ነው። ይህ ከገበያ የሚገኝ ሲሆን ተገጣጣሚ ዕቃዎችን ሳይላጡ መታ መታ አድርጎ ለማስገባት ይረዳል። መሮ ለመምታት ግን አይመረጥም። ጎማ ስለሚነጥር የምቱን ኃይል ከፊሉን ወደ መቺው ክንድ ይመልሰዋል፤ ጥቁሩ ጎማ ነጭ እንጨት ላይ አሻራ ይተዋል። በእርዳታ ጭነት ውስጥ ከመጣ አይጣል፤ በግዢ ዝርዝር ላይ ግን መጻፍ አያስፈልግም።

እንጨቱን ስለ መምረጥ

የመዶሻ ራስ የሚሆን እንጨት ሦስት ጠባይ ይፈለግበታል፤ ከባድ መሆን፣ በቀላሉ አለመሰንጠቅ፣ በደንብ መድረቅ። በአውሮፓ አናጢዎች ለረጅም ዘመን የተጠቀሙበት ቢች የሚባለው ዛፍ በሜትር ኩብ 700 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን ነው። እኛ አገር የሚበቅለው ወይራ ደርቆም ከ900 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን ከዚያ ይበልጣል። የወይራ ዱላ የያዘ ሰው ሁሉ ይህን ያለ መለኪያ ያውቀዋል።

ሆኖም ወይራ የደጋና የወይና ደጋ ዛፍ ነው። ሠፈራ የተካሄደባቸው ቦታዎች ብዙዎቹ ቆላዎች ስለሆኑ ሠፋሪው በትውልድ ቀዬው የሚያውቀውን ዛፍ በአዲሱ ቦታ አያገኝም። በዚህ ጊዜ የቆላውን ዛፍ ማወቅ ያስፈልጋል። ሮቃ፣ በሌላ ስሙ ሁመር የሚባለው ዛፍ፣ እንጨቱ ከባድና ክሩ የተቆላለፈ በመሆኑ ለመዶሻ እጅግ ተስማሚ ነው፤ በህንድ አገር ጭምር ለዚሁ ተግባር ይውላል። ቁርቁራም ጠንካራ ነው። የግራር ዝርያዎች ብዙ ናቸው፤ ከነርሱ መካከል ከባዶቹ ያገለግላሉ። ከሁሉ የሚበልጠው ዘዴ ግን የአካባቢውን ነባር ነዋሪ መጠየቅ ነው። «ሙቀጫችሁንና የመጥረቢያችሁን ዛቢያ ከምን ትሠራላችሁ?» የሚል አንድ ጥያቄ ከብዙ መጽሐፍ ይበልጣል። ሙቀጫ በየቀኑ በዘነዘና የሚደበደብ ዕቃ ስለሆነ ለርሱ የተመረጠ እንጨት ለመዶሻም ይበቃል። በሠፋሪውና በነባሩ ነዋሪ መካከል ስለ መሬት፣ ስለ ግጦሽና ስለ ዛፍ ብዙ ቅሬታ በተነሣበት አካባቢ እንዲህ ያለው ጥያቄ መቀራረቢያም ሊሆን ይችላል። ያለ ፈቃድ የተቆረጠ ዛፍ ግን ጠብ ያመጣል፤ ይህንም የጣቢያ ኃላፊዎች ከማንም በላይ ያውቁታል።

ለመዶሻ የማይሆኑትን ማወቅም ይጠቅማል። ዋንዛ ለወንበርና ለጠረጴዛ ተወዳጅ የሆነው ቀላልና ለመላጊያ የሚመች በመሆኑ ነው፤ በዚያው ምክንያት ለመዶሻ ራስ አይሆንም፤ ክብደቱ የወይራን ግማሽ ያህል ብቻ ነው። ጥድ በክሩ ላይ ቶሎ ይሰነጠቃል። ዝግባ ለስላሳ ነው። ባሕር ዛፍ በየቦታው ስለሚገኝ ሁሉም ወደርሱ ይሮጣል፤ ለዛቢያ መልካም ሲሆን ለራስ ግን በሚደርቅበት ጊዜ ስለሚጣመምና ስለሚሰነጠቅ በጥንቃቄ ካልደረቀ አያስተማምንም።

ለራስ የሚሆን ጉማጅ ለማግኘት ሕያው ዛፍ መጣል አያስፈልግም። ለማገዶ ከተከመረው መካከል መምረጥ ይበቃል። ጉጥ ያለበትና ክሩ የተጠማዘዘ ጉማጅ ለጣውላ የማይሆን፣ ለፈላጭም የሚያስቸግር ስለሆነ ማገዶ ክምር ውስጥ ይገኛል። ለመዶሻ ተመራጩ ደግሞ እርሱ ነው፤ መጥረቢያ ያልፈለጠውን መሮ አይፈልጠውምና።

ስለ ማድረቅ ጥቂት እንበል። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ይጠባል፤ በተለይም በተቆረጠው ጫፉ በኩል ውኃው ቶሎ ስለሚወጣ ጫፉ ይሰነጠቃል። ይህን ለመከላከል ጉማጁ ከሚፈለገው ርዝመት አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል አስረዝሞ መቁረጥ፣ ሁለቱን ጫፎች በቀለጠ ሰም መቀባትና ከፀሐይ በተከለለ፣ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ከመሬት ከፍ አድርጎ ማስቀመጥ ነው። መሐል እምብርቱ ያለበት ጉማጅ ሁልጊዜ ይሰነጠቃል ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ከወፍራም ግንድ ላይ እምብርቱ ወጥቶ የተሰነጠቀ አካል ይሻላል። በአውሮፓ የተለመደው ግምት ለእያንዳንዱ 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት አንድ ዓመት ነው። ሙቀቱ በሚበረታበት የእኛ ቆላ የሚፈጀው ጊዜ ያጥራል፤ ቢሆንም ጥቂት ወራት ሊሰጡት ይገባል። ለመጠበቅ ጊዜ የሌለው ጣቢያ ድቡልቡሉን መዶሻ ከእርጥብ እንጨት ጠርቦ ሥራ ይጀምር፤ ጎን ለጎን ለባለአራት ማዕዘኑ የሚሆነውን ጉማጅ ያድርቅ።

ባለአራት ማዕዘኑን መዶሻ ስለ መሥራት

የራሱ መጠን በእንጨቱ ክብደት ይወሰናል። ለወይራ ወይም ለሮቃ ከላይ በኩል 13 ሳንቲ ሜትር ርዝመት፣ 9 ሳንቲ ሜትር ቁመትና 6 ሳንቲ ሜትር ተኩል ውፍረት ይበቃል። ይህ ራስ ቀዳዳው ከወጣለት በኋላ ወደ 650 ግራም ይመዝናል። ቀለል ባለ እንጨት የሚሠራ ከሆነ ርዝመቱንና ውፍረቱን እስከ 15 እና 8 ሳንቲ ሜትር ማሳደግ ይቻላል። ለአናጢ መዶሻ ተስማሚው ክብደት በጠቅላላው ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ነው። ከባድ መዶሻ ብዙ ሥራ ይሠራል የሚለው እምነት አያዋጣም፤ ሙሉ ቀን የሚሠራ ሰው ክንዱ ከደከመ ምቱ ይስታል። ሠልጣኟ ሴት ወይም ወጣት ከሆነ ከ500 እስከ 600 ግራም ይመረጣል። በምግብ እጥረት የተጎዳ ሰው ገና እየጠነከረ መሆኑም አይዘንጋ።

የእንጨቱ ክር፣ ማለትም ከሥር ወደ ጫፍ የሚሄደው የሥጋው መስመር፣ በራሱ ርዝመት መሄድ አለበት። እንዲህ ከሆነ ሁለቱ የመምቻ ፊቶች የክሩ ጫፎች የሚታዩባቸው ይሆናሉ። እንጨት በክሩ ጫፍ ሲመታ ይችላል፤ በጎኑ ሲመታ ግን ይቦረቦራል። ይህ ከተገለበጠ ሌላው ሁሉ በትክክል ቢሠራም መዶሻው በጥቂት ቀናት ለሁለት ይከፈላል።

ዛቢያው የሚገባበት ቀዳዳ ከላይ ሰፋ፣ ከታች ጠበብ ያለ መሆን ይኖርበታል። ለምሳሌ ከላይ 33 በ20 ሚሊ ሜትር ከሆነ ከታች 30 በ20 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ዛቢያውም እንዲሁ ጫፉ ወፍሮ ይጠረብና በራሱ ቀዳዳ ከላይ ወደ ታች ይገባል። አንባቢ ይህን በዶማ ዛቢያ ላይ ያስታውሰው፤ በተወዛወዘ ቁጥር ራሱ ወደ ወፍራሙ ጫፍ እየሸሸ ራሱን በራሱ ያጠብቃል። ምስማርም፣ ሽብልቅም፣ ኮላም አይፈልግም። ወፍራሙ ጫፍ ከራሱ በላይ አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ብቅ ማለት አለበት። መሰርሰሪያ ያለው ዎርክሾፕ ሁለት ወይም ሦስት ቀዳዳ በስቶ መካከሉን በመሮ ያጸዳል፤ የሌለው በጋለ ብረት ይበሳና የከሰለውን እስኪጨርስ ይፍቃል። የከሰለ ክፍል በቀዳዳው ውስጥ ከቀረ እየተፈረፈረ ዛቢያውን ያላቅቀዋል።

መፈልፈል ለሚያስቸግረው ሌላ መንገድ አለ። ራሱን ከአንድ ጉማጅ በመሥራት ፈንታ ከሦስት ጣውላ መደራረብ ይቻላል። የመሐለኛው ጣውላ ለሁለት ተቆርጦ ለዛቢያው የሚሆን ክፍተት ተትቶ በኮላ ይጣበቃል፤ ቀዳዳው ሳይፈለፈል ይገኛል። ነጩ የእንጨት ኮላ እርጥበት ስለማይችል ይህ ዓይነቱ መዶሻ ዝናብ ላይ ማደር የለበትም።

የመምቻ ፊቶቹ ቀጥ ያሉ ሳይሆኑ ወደ ዛቢያው በኩል በጥቂቱ የሚጠጋጉ ይሁኑ፤ ከላይ 13 ሳንቲ ሜትር የሆነው ርዝመት ከታች 12 ይሁን። ምክንያቱ ክንድ በክርኑ ላይ የሚዞር በመሆኑ ነው። መዶሻው ቅስት ሠርቶ ስለሚመጣ ፊቱ በጥቂቱ ካላዘመመ መሮውን የሚያገኘው በጠርዙ ነው። በመጨረሻ የፊቶቹ ጠርዝ ሁሉ በሞረድ ወይም በመላጊያ ይሰበር፤ ስል ጠርዝ ከመጀመሪያው ምት ጀምሮ ይፈነከታል። የዛቢያው ጠቅላላ ርዝመት ከ30 እስከ 35 ሳንቲ ሜትር ሲሆን ጎኑ ጠፍጠፍ ያለ እንቁላል ቅርጽ ቢኖረው እጅ የመዶሻውን አቅጣጫ ሳያይ ያውቃል።

ሲያልቅ የተልባ ዘይት ቢቀባ እርጥበት ቶሎ አይገባውም፤ የኑግ ዘይትም ያገለግላል። እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ተጠቅልሎ ወይም ተከምሮ ከተተወ እሳት ሳይነካው በራሱ ሙቀት ሊቀጣጠል ይችላል። ስለዚህ ጨርቁ ተዘርግቶ ውጭ ይድረቅ ወይም ውኃ ውስጥ ይነከር። ሣር ክዳን ባለው ዎርክሾፕ ጥግ መወርወር የለበትም።

አመታቱ

የበር ክፈፍ ሲሠራ በአንደኛው እንጨት ላይ ቀዳዳ ይፈለፈልና የሌላው እንጨት ጫፍ እንደ ምላስ ቀጥኖ ይገባበታል። ቀንበርም ላይ ማነቂያዎቹ የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ሠልጣኙ በመጀመሪያ መስመሩን ያሰምር። መሮውን ወዲያው መስመሩ ላይ አያሳርፍ፤ ከመስመሩ ሁለት ሚሊ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ይጀምርና መሐሉን አውጥቶ ከጨረሰ በኋላ በመጨረሻ መስመሩ ላይ ቀጥ አድርጎ ይቁረጥ። ቀዳዳው ወዲያኛው ወገን የሚያልፍ ከሆነ ከሁለቱም በኩል ግማሽ ግማሹን መፈልፈል ነው፤ ከአንድ ወገን ብቻ ሲመታ በማዶው እንጨቱ ተገንጥሎ ይወጣል።

ለከባድ ፍልፈላ ምቱ ከክርን ይነሣል። ለማስተካከያ ከእጅ አንጓ ብቻ መታ መታ ማድረግ ይበቃል፤ በዚህ ጊዜ ዛቢያው ወደ ራሱ ቀረብ ተደርጎ ይያዛል። ሦስት ለስላሳ ምት ከአንድ ብርቱ ምት ይሻላል፤ በብርቱ ምት መሮው እንጨቱ ውስጥ ይቀረቀርና ሠራተኛው ለማውጣት ሲወዘውዘው ስለቱ ይሰበራል። መሮው አልገባ ሲል መዶሻ ማክበድ የተለመደ ነው። ብዙውን ጊዜ ግን የደነዘው መሮው ነው፤ መሳል ነው የሚያሻው። ለእያንዳንዱ ጣቢያ መሳያ ድንጋይ ሳይላክ መሮ ብቻ መላክ ሌላው የተለመደ ጉድለት ሲሆን እርሱ ራሱን የቻለ ትምህርት ያስፈልገዋል።

ሠራተኛው በመዶሻው ጎን እንዳይመታ መቆጣጠር ነው፤ ጎኑ ደካማው ክፍል ነው። ምስማርም በእንጨት መዶሻ አይመታም፤ የምስማሩ ራስ ፊቱን እየበሳ ያበላሸዋል፤ የተበሳው ፊት ደግሞ የመሮውን እጀታ ይልጣል። አንድ መዶሻ ብቻ በተሰጠበት ጣቢያ ይህ ትእዛዝ አይከበርም። ምስማር የሚመታው በቅርቡ ባገኘው ነገር ነው። ስለዚህ የብረቱም የእንጨቱም መዶሻ በቂ ሆኖ መገኘት አለበት።

ከአናጢነት ውጭም ይህ መሣሪያ የእርዳታ ሠራተኛውን ራሱን ይመለከታል። ከእንጨት የተሠራ የድንኳን ካስማ በብረት መዶሻ ሲመታ ራሱ ይፈረፈራል፤ ድንኳኑ ተነቅሎ ወደ ሌላ ቦታ በሚዛወርበት ጊዜ ካስማዎቹ ዳግመኛ አያገለግሉም። ለዚህ ሥራ ዛቢያው ረዘም፣ ራሱ ከበድ ያለ ድቡልቡል መዶሻ ያስፈልጋል፤ ከሁለት ኪሎ ቢበልጥም አይከፋም። እዚህ ላይ ምቱ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ስለሆነ ክብደቱ አያደክምም።

አያያዙና መዝገቡ

በበጋ እንጨቱ ሲጠብ ራሱ ሊላላ ይችላል። ብዙ ሰው እንደ መጥረቢያ ውኃ ውስጥ ይነክረዋል፤ ይህ ለጊዜው ያጠብቀዋል፤ ሲደርቅ ግን ከበፊቱ ይብስ ይላላል። ትክክለኛው አሠራር መዶሻውን ገልብጦ የዛቢያውን ወፍራም ጫፍ በድንጋይ ወይም በጠንካራ መሬት ላይ መታ ማድረግ ነው፤ ራሱ ወደ ታች ወርዶ ይጠብቃል። ፊቱ ሲቦረቦር ጥቂት ሚሊ ሜትር በመጋዝ ተቆርጦ ይታደሳል። ይህን ለማድረግ ርዝመት ስለሚያስፈልግ ከመጀመሪያው አሳጥሮ መሥራት አይመከርም።

ምስጥ በሚበዛበት ቆላ መዶሻ መሬት ላይ ማደር የለበትም። ነቀዝ የሚወደው ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ነጣ ያለ ክፍል ስለሆነ በሚጠረብበት ጊዜ ይህ ክፍል መወገድ ይገባዋል። በዎርክሾፑ ግድግዳ ላይ ሁለት እንጨት ተሰክቶ ራሱ በመካከላቸው ቢንጠለጠል ይበቃል።

ለግምጃ ቤት ሹሞች የሚቀር አንድ ነገር አለ። በጣቢያ የተሠራ መዶሻ የግዢ ደረሰኝ የለውም። አንዳንድ ቦታ በዚህ ምክንያት ከንብረት መዝገብ ስለሚቀር ተረካቢ የሌለው ዕቃ ይሆናል፤ በሚቀጥለው ቆጠራም «የለም» ተብሎ ሌላ ከከተማ እንዲገዛ ይጠየቃል። በጣቢያው የተሠሩ መሣሪያዎች በራሳቸው ገጽ፣ ከተሠሩበት እንጨት ስም፣ ከክብደታቸውና ከተሠሩበት ወር ጋር ቢመዘገቡ የትኛው እንጨት ስንት ጊዜ እንደቆየ ከመዝገቡ ማንበብ ይቻላል። የመሮ እጀታ ስብራትም በዚያው ገጽ አጠገብ ይመዝገብ። ከአንድ ክረምት በኋላ ሁለቱን ዓምዶች ማስተያየት ነው።